ከ«ነፍስ ይማር» እስከ «ለምንልን»

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው፣ ወንበር ከመያዙ በፊት ከአፉ የሚወጣው «ነፍስ ይማር» ነው። ከልማድ ብዛት ቃሉ ሰላምታ መስሏል፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ የማያውቀውም ይለዋል። ቆም ብሎ ላየው ግን ሙሉ ጸሎት ነው። የሚምረው እግዚአብሔር፣ የምትማረው የሟች ነፍስ፣ ለማኙ ደግሞ በሕይወት የቀረው ሰው ነው። ጸሎት ከሆነ ደግሞ ጥያቄ ይወልዳል። ነፍሲቱ ገነት ገብታ ከሆነ ምን ጎድሏት ምሕረት እንለምንላታለን? ሲዖል ወርዳ ከሆነስ ልመናችን ምን ይፈይድላታል? ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ጥያቄ ሳይመረምሩ ጸሎቱን ብቻ ይዘው ኖረዋል። እስከ መጨረሻው ገፍታ ሄዳ፣ ለመልሱ ስም አውጥታ፣ በጉባኤ ያጸናችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስሙም ፑርጋቶሪ ነው፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን ማንጻት ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ስለ ፑርጋቶሪ በብዛት የሚነገረው ታሪክ አጭርና ጥርት ያለ ነው፦ ካህናት በገነትና በሲዖል መካከል አንድ እስር ቤት ፈለሰፉ፣ ከዚያ ማስፈቻውን ለሐዘንተኛ ሸጡ። ማስረጃው ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የነበረው ለሞተ ሰው የሚለምን ሰው ነው፤ ትምህርቱ የመጣው ልመናውን ለማስረዳት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ አንባቢ፣ ሌላ ርእስ የሚመስለውን የቅዱሳንን አሰያየምም እዚያው ክር ላይ ያገኘዋል። በካቶሊክ እምነት አንድን ሰው ቅዱስ ብሎ ማወጅ በተግባር ሲታይ የጸሎትን አቅጣጫ ማዞር ነው፤ እስከ ትናንት ለእርሱ ይለመን ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ እርሱ ለእኛ እንዲለምን ይጠየቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ትምህርቱ የሚለውንና የማይለውን እንለይ። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ለጉዳዩ የሰጠው ሦስት አጫጭር አንቀጾችን ብቻ ነው፤ ከ1030 እስከ 1032። ጭብጡ ይህ ነው፦ በእግዚአብሔር ጸጋ ሆነው የሞቱ፣ ነገር ግን ፈጽመው ያልነጹ ሰዎች ድኅነታቸው የተረጋገጠ ነው፤ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ከማየታቸው በፊት ግን ይነጻሉ። ስለዚህ ፑርጋቶሪ ሁለተኛ ዕድል አይደለም። በምድር እግዚአብሔርን እንቢ ብሎ የሞተ ሰው እዚያ ሄዶ ሐሳቡን አይለውጥም። እዚያ ያለ ሁሉ የዳነ ነው፣ መውጫውም አንድ በር ነው፣ በሩም ወደ ላይ ይከፈታል። የሽምግልና ወግ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይሆንም። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉልበት ተስሞ ዕርቅ ወረደ እንበል። ጥሉ ያን ቀን አልቋል። የፈረሰው አጥር ግን ገና አልታጠረም፤ አፉን ክፉ ያስለመደ ሰውም ልማዱ በአንድ ቀን አይለቀውም። ካቶሊኮች በኃጢአት በደልና በኃጢአት ትራፊ መካከል የሚያደርጉት ልዩነት ይኸው ነው። በደሉ በይቅርታ ይሰረዛል፤ ትራፊው ግን እዚህ በንስሐና በበጎ ሥራ፣ ካልሆነም እዚያ ይጠራል።

እሳቱስ? ሰዎች ፑርጋቶሪ ሲባል ቀድሞ የሚታያቸው እሳት ነው፤ በሥዕሉም በስብከቱም ሞልቷል። በጉባኤ ውሳኔ ውስጥ ግን የለም። በ1439 ፍሎረንስ ላይ የላቲንና የግሪክ አባቶች ለአንድነት ሲደራደሩ ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነበር። ግሪኮቹ ለሙታን መጸለይን አልካዱም፤ ከጥንት ጀምሮ ያደርጉታልና። የተቃወሙት፣ በተለይም የኤፌሶኑ ማርቆስ፣ የሚያነጻ እሳት የሚባለውን ነው። የጸናው ውሳኔ ነፍሳት በሚያነጻ ቅጣት እንደሚነጹና በሕያዋን ጸሎት እንደሚረዱ ብቻ ተናግሮ፣ እሳቱንም ቦታውንም ዘሎ አለፈ። (በኢየሩሳሌም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተላኩ ልዑካን ወደዚያው ጉባኤ የደረሱት በ1441 ነው፤ ይህ ክርክር ካበቃ በኋላ ማለት ነው።) የትሬንት ጉባኤም በ1563 ከዚህ አልጨመረም። እንዲያውም ጳጳሳቱን ረቂቅና አስቸጋሪ ጥያቄዎችን በተራው ሕዝብ ፊት እንዳይሰብኩ፣ ጉጉትን፣ አጉል እምነትንና ጥቅም ፍለጋን እንዲከለክሉ አዝዟል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1999 ፑርጋቶሪ የሁኔታ እንጂ የቦታ ስም አይደለም ብለው አስተምረዋል። ተተኪያቸው በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ በ2007 መልእክታቸው የሚያነጻው እሳት ራሱ ክርስቶስ ነው የሚለውን አሳብ በበጎ አንስተውታል።

አሁን ወደ ማስረጃው። በ203 ካርታጎ ላይ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ ማለት ነው፣ ፐርፔቱዋ የተባለች የሚጠባ ልጅ ያላት ወጣት ሴት በክርስትናዋ ምክንያት ታስራ ለአራዊት የምትጣልበትን ቀን ትጠብቅ ነበር። በእስር ሳለች ያየችውን በራሷ ቃል ጽፋለች፤ ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ከቀሩልን ሴት ከጻፈቻቸው ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ነው። ዲኖክራጥስ የሚባል ወንድሟ በሰባት ዓመቱ ፊቱን በበላው ቁስል ሞቶ ነበር። በራእይ ስታየው ከጨለማ ቦታ ይወጣል፤ ተጠምቷል፣ አድፏል፣ ቁስሉም እንዳለ ነው። አጠገቡ ውኃ የሞላ ገንዳ አለ፤ ነገር ግን አፉ ከሕፃኑ ቁመት በላይ ነውና ቢንጠራራም አይደርስበትም። ፐርፔቱዋ ቀንና ሌሊት እያለቀሰች ጸለየችለት። ከቀናት በኋላ እንደገና ስታየው ልጁ ነጽቷል፣ ቁስሉ ጠባሳ ብቻ ቀርቶታል፣ የገንዳው አፍ እስከ እምብርቱ ዝቅ ብሏል። ጠጥቶ ጠግቦ እንደ ሕፃን ሊጫወት ሮጠ። ይህን የጻፈች ሴት ፑርጋቶሪ የሚል ቃል አልሰማችም፤ ቃሉ ገና አልተፈጠረም። የምታውቀው ወንድሟ እንደተጠማና ጸሎቷ እንደሚደርስለት ብቻ ነው። ከ180 ዓመታት ግድም በኋላ፣ በ387፣ የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ሮም አጠገብ ኦስትያ ላይ ስትሞት ልጆቿን ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ በመሠዊያው ፊት ግን አስቡኝ ብላ ተማጸነች። እርሷም ስለ ፑርጋቶሪ አላሰበችም፤ የፈለገችው በቅዳሴ መታሰብን ነው።

ከዚያም በፊት የሆነ ነገር አለ። በሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 ይሁዳ መቃቢ ከጦርነት በኋላ የወደቁ ወታደሮቹን ሊቀብር ሲያነሣ ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ክታብ ያገኛል። ወዲያው ብር አሰባስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ይልካል። (የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ በባለ 81ዱ መጽሐፍ ቅዱሳችን ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ከዚህኛው ጋር በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ታሪካቸው ሌላ ነው።) ካቶሊኮች ይህን ምዕራፍ የፑርጋቶሪ ዋና ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱት እኔ ከሚሉት ያነሰ እሰጣቸዋለሁ። ጣዖት ይዞ መሞት በካቶሊክ ሚዛን ቀላል ኃጢአት አይደለም፤ በትምህርቱ ፊደል ከሄድን እነዚያ ወታደሮች ለፑርጋቶሪ የሚመጥኑ አይመስሉም። ምዕራፉ የሚያረጋግጠው ሌላ ነገር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ አይሁድ ለሙታን ኃጢአት እንደለመኑ። ጸሎቱ እንደገና ትምህርቱን ቀድሞት እናገኘዋለን።

ትምህርቱ መልክ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። ጎርጎርዮስ ታላቁ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው መጽሐፍ ዩስጦስ ስለሚባል ሐኪም መነኩሴ ይተርካል። መነኩሴው የግሉ ገንዘብ እንዳይኖረው ቃል ገብቶ ሳለ ሦስት ወርቅ ደብቆ ተገኘ። መነኩሴው ሲሞት ጎርጎርዮስ ወርቁን ከላዩ ጥለው ከወንድሞች ለይተው እንዲቀብሩት አደረገ፤ ከ30 ቀን በኋላ ግን አዘነለትና ሳይቋረጥ 30 ቀን እንዲቀደስለት አዘዘ። ቅዳሴው ባለቀ ዕለት ሟቹ ለወንድሙ ታይቶ ዛሬ ተሻለኝ አለው። ካቶሊኮች ዛሬም የጎርጎርዮስ ቅዳሴ ብለው ለአንድ ሟች 30 ቀን የሚያስቀድሱት ከዚህ ተነሥተው ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ ሙታን ሁሉ በኅዳር 2 እንዲታሰቡ ሥርዓት አወጣ፤ ቀኑ ከዚያ ወደ መላው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ዣክ ለ ጎፍ በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ፑርጋቶሪ የሚለው ቃል ራሱን ችሎ የቦታ ስም የሆነው በ1170ዎቹ ነው ሲል ተከራክሯል። ይህን ይዘው ትምህርቱ የመካከለኛው ዘመን ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ። ቃሉ ዘግይቶ መጣ ማለት ግን ነገሩ ዘግይቶ መጣ ማለት አይደለም። ከፐርፔቱዋ እስከ 1170ዎቹ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋል፤ ያ ሁሉ ዘመን ለሙታን ሲለመንበት ኖሯል።

ገንዘቡ ግን እውነት ነው፤ አይሸፈንም። ኢንዱልጀንስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከቀሪው ቅጣት የምትሰጠው ምሕረት ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በገንዘብ ይሰጥ ነበር። ዮሐንስ ቴትዝል የሚባል መነኩሴ በጀርመን እየዞረ ለሞቱ ዘመዶች ጭምር ሲያድለው፣ ገቢው በከፊል ለሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሕንፃ፣ በከፊል ደግሞ የማይንዙ ሊቀ ጳጳስ አልብረሽት ለሹመቱ የተበደረውን ለመክፈል ይውል ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 ዘጠና አምስቱን ነጥቦች ያወጣው በዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ በጊዜው ካቶሊኮችንም ያሳፈረ ነበር። ጳጳሱ ጲዮስ 5ኛ በ1567 ከገንዘብ ጋር የተያያዘውን ኢንዱልጀንስ ሁሉ ሰረዙ። ጳውሎስ 6ኛ ደግሞ በ1967 ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ያህል ዓመት እየተባለ ይቆጠር የነበረውን አስቀሩ። ለተዝካር በሬ አርዶ፣ ተበድሮ፣ ከዓመት በኋላ በዕዳ የተያዘ ገበሬ ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሐዘን ያለበት ልብ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ያንን የሚያውቅ ነጋዴም በየሃይማኖቱ አይጠፋም። ነገር ግን ሐኪም ጉቦ በላ ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ሉተር ራሱ በዘጠና አምስቱ ነጥቦች የፑርጋቶሪን መኖር አልካደም፤ የካደው በኋላ ነው።

የጠነከረው ተቃውሞ ከገንዘቡ ሳይሆን ከመስቀሉ የሚነሣው ነው። የክርስቶስ ደም ሁሉን ከከፈለ ለምን ትራፊ ይቀራል? በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ የተባለው ምን ነጽቶ ነው? በአገራችን ያሉ የወንጌል አማኞች ይህን ሲጠይቁ መልሱ ቀላል አይደለም። ካቶሊኮች መንጻት ለሁሉ የግድ ነው አንልም፣ ወንበዴውም በዚያ ሥቃይና በዚያ እምነት ነጽቷል ይላሉ። የመንጻቱ ኃይልም ከክርስቶስ ደም ውጭ የመጣ ሌላ ክፍያ ሳይሆን ያው ደም በሰውዬው ላይ ሥራውን መፈጸሙ ነው ይላሉ። መልሱ ይያያዛል፤ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ብቻ ተነሥቶ ወደዚህ መልስ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 3 የሰው ሥራ በእሳት ይፈተናል፣ እርሱ ግን በእሳት እንደሚያልፍ ሆኖ ይድናል ማለቱ ትልቁ ጥቅስ ነው፤ እርሱም የሚናገረው በተጣለው መሠረት ላይ ስለሚያንጹ ሰባኪዎች ሥራ ነው። ክርክሩ የሚቆመው ከጥቅሱ ይልቅ በልማዱ ጥንታዊነት ላይ ነው። ጥያቄውም ወደ ሌላ ጥያቄ ይዞራል፦ ከሰማዕታት ዘመን ጀምሮ ለሙታን የጸለየች ቤተ ክርስቲያን በዚህ ተሳስታ ነበር ወይ? አዎን የሚል ፑርጋቶሪን ይተዋል። አይደለም የሚል ግን ለጸሎቱ ምክንያት መስጠት አለበት።

አሁን የክሩ ሌላኛው ጫፍ። ለሙታን ትጸልይ የነበረችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ለአንዳንዶቹ አትጸልይም ነበር። አውግስጢኖስ ለሰማዕት መጸለይ ሰማዕቱን መስደብ ነው፣ በእርሱ ጸሎት ራሳችንን አደራ ልንሰጥ ይገባል ብሎ አስተምሯል። በሮም በቅዱስ ሴባስቲያን ካታኮምብ ግድግዳ ላይ ጴጥሮስንና ጳውሎስን ለምኑልን የሚሉ የተጫሩ ጽሑፎች ዛሬም ይነበባሉ፤ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። እንግዲህ ሙታን በሁለት ረድፍ ተለይተዋል፤ የሚለመንላቸውና የሚለመኑ። የቀረው ማን በየትኛው ረድፍ እንዳለ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። መጀመሪያ ሕዝቡና የአካባቢው ጳጳስ ይወስኑ ነበር። በ993 ጳጳሱ ዮሐንስ 15ኛ የአውግስቡርጉን ኡልሪክን ቅዱስ ብለው ሲያውጁ ሮም በይፋ ለዚህ ሥራ ገባች፤ ሲስጦስ 5ኛ በ1588 ጉዳዩን የሚመለከት ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ።

የአሠራሩ ዝርዝር አሳቡን ያጋልጠዋል። ኡርባኖስ 8ኛ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባወጡት ደንብ መሠረት የአንድ ሟች ጉዳይ ሲጀመር መርማሪዎች ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት ተአምር አይደለም፤ ሕዝቡ ሮምን ቀድሞ ቅዱስ አድርጎት እንዳይሆን ነው። በሥዕሉ ራስ ላይ የብርሃን አክሊል ተሥሎ ቢገኝ፣ በመቃብሩ ፊት የአምልኮ መብራት ቢበራ ጉዳዩ ይሰናከላል። ሟቹ ገና ለእርሱ የሚጸለይበት ረድፍ ላይ መሆን አለበት። ከሞተ አምስት ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያ የሕይወቱ ጽሑፍ፣ ምስክር፣ ደብዳቤ ሁሉ ይሰበሰባል። ሰማዕት ካልሆነ ብፁዕ ለመባል አንድ ተአምር፣ ከዚያ ቅዱስ ለመባል ሌላ ተአምር ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ተአምሩ ፈውስ ነው፤ የሐኪሞች ቡድን ይመረምረዋል፣ በ2016 ደንብ ሐኪሞቹ ሰባት ከሆኑ ቢያንስ አምስቱ መስማማት አለባቸው። ሐኪሞቹ ተአምር ነው አይሉም፤ ሕክምና አያስረዳውም ነው የሚሉት። ተአምር የሚፈለገው ሰዉ ታላቅ እንደነበር ለማሳየት አይደለም፣ ያ በሕይወቱ ይታያል። የሚፈለገው ሲለመን መልስ መስጠቱን ለማረጋገጥ ነው፤ ማለትም ረድፉን መሻገሩን።

አንዱ አስታራቂ ክርስቶስ ሆኖ ሳለ ለምን ሌላ ይለመናል ለሚለው ካቶሊኮች የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ ጎረቤትህን ጸልይልኝ ትለው የለ? የሞተውም በክርስቶስ ሕያው ነው። ይህ መልስ የሚያሳምነው ሙታን እንደሚሰሙ አስቀድሞ ላመነ ነው፤ ላላመነው ማረጋገጫ አይሆንም። እኔ ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ትችት ነው፤ የጉዳዩ ውድነት። ምርመራው ዓመታት ይፈጃል፣ ጠበቃና ተርጓሚ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ያለው ማኅበር ያቀረበው ሰው ወደ ፊት ይገፋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2016 የገንዘቡን አያያዝ የሚቆጣጠር ደንብ ማውጣታቸው ችግሩ እንደነበር ያሳያል። ደግሞም በ1983 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የተቃዋሚውን ጠበቃ፣ «የሰይጣን ጠበቃ» ይባል የነበረውን ሹም፣ ሥልጣኑን ቀንሰው አሠራሩን አቃልለዋል፤ እርሳቸው ብቻ 482 ቅዱሳን አውጀዋል። ተቃዋሚ ሲዳከም ፍርዱ ይፈጥናል፤ ይሁን እንጂ የፈጠነ ፍርድ የተሻለ ፍርድ መሆኑ ያጠራጥራል።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ደንብ ሳይጠብቅ ራሱ ረድፍ ያሻግር እንደነበር ማየት የፈለገ ናፖሊ ይሂድ። በፎንታኔሌ ዋሻ በ1656 ወረርሽኝ ያለቁትን ሰዎች ጨምሮ ስም የሌላቸው ብዙ ሺህ ሙታን ዐፅም ተከምሯል። የከተማይቱ ሴቶች አንዳንድ የራስ ቅል መርጠው እንደ ዘመድ ይወስዱት ነበር፤ ይጠርጉታል፣ ይወለውሉታል፣ ትንሽ የእንጨት ወይም የእብነ በረድ ቤት ይሠሩለታል፣ በፑርጋቶሪ ያለችው ነፍስ እንድትቀዘቅዝ ይጸልዩለታል። ለማኝ ነፍሳት ይሏቸዋል። በምላሹ ባል፣ ሥራ፣ አንዳንዴም የሎተሪ ቁጥር ይጠይቁታል። መልስ የሰጠ ቤቱ ያምራል፤ ያልሰጠ በሌላ ይተካል። በ1969 የናፖሊ ሊቀ ጳጳስ ይህን ልማድ ከለከሉ፤ ከትሬንት ማስጠንቀቂያ አንጻር ትክክል ነበሩ። ቢሆንም ሴቶቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል። የሚለመንለትና የሚለምን ሰው እንደማይራራቁ፣ ዛሬ የተጠማ ነገ ውኃ ሊያቀብል እንደሚችል አይተዋል። የከበደው ስሕተታቸው ምስኪኑን ቅል በውጤቱ እየመዘኑ መቀየራቸው ነው።

በአገራችን የካቶሊክ ቁጥር ጥቂት ነው፤ በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ካህናት ሲቀድሱም ሲቀብሩም ሙታንን ያስባሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፑርጋቶሪን አትቀበልም፤ ፍትሐቱን፣ ሠልስቱን፣ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን ግን ታደርጋለች። በድርጊት ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ የሚለያያቸው ድርጊቱን በምን ማስረዳት ይገባል የሚለው ነው። ለቅዱሳን አሰያየም ደግሞ ሁለት ስሞች ከእኛው ታሪክ አሉ። ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1860 በዛሬዋ ኤርትራ ሞተው በጥቅምት 26 ቀን 1975 ቅዱስ ተብለው ታወጁ። ደቀ መዝሙራቸው ጎጃሜው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 ለካቶሊክ እምነቱ ታስሮ በሰንሰለት እንዳለ አረፈ። ሮም በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ሰማዕት ብላ አወጀችው። ቅዱስ ለመባል የሚያስፈልገው ቀሪው ደረጃ እስካሁን አልተፈጸመለትም። ለእርሱ ነፍስ ይማር ብሎ የሚጸልይ ካቶሊክ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የለም፤ ለምንልን ይሉታል።